የጎመን ምንቸት አይውጣ

ለመሆኑ ጸደይ መቼ ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መስከረም ሲጠባና አደይ አበባ ሲፈነዳ ሬዲዮውም ቴሌቪዥኑም «ወርኃ ጸደይ መጣ» ሲለን አድገናል። የአዲስ ዓመት ካርዱም፣ የትምህርት ቤት ድርሰታችንም ያንኑ ነበር የሚለው። የአገራችን የዘመን ስሌት ግን ሌላ ይላል። ዓመቱ ለአራት ሲከፈል ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መጸው ይባላል፤ ከዚያ እስከ መጋቢት 25 በጋ ነው፤ ጸደይ የሚገባው መጋቢት 26 ሲሆን እስከ ሰኔ 25 ይቆያል፤ ከዚያ ወዲያ ክረምት ነው። እንግዲህ አበባ ይዘን «እንኳን ለጸደይ አደረሳችሁ» የምንባባለው ጸደይ ሊገባ ከስድስት ወር በላይ ሲቀረው ነው ማለት ነው።

እኛ በዚህ ክርክር ውስጥ ገብተን ልንዳኝ አልተነሣንም፤ ሊቃውንቱ ይነጋገሩበት። የእኛ ጉዳይ ድስት ነው። ግን አንድ ነገር እያደር ይገርመናል። ወቅቶቹን በስም እስክናምታታ የደረስነው ወቅት የሚባለው ነገር ከማዕዳችን ላይ ስለጠፋ ይሆን? ሽሮ ወቅት የለውም። ፓስታ ወቅት የለውም። እንቁላል ፍርፍር ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ያው እንቁላል ፍርፍር ነው። ዓይኑን ተሸፍኖ ምሳውን ቢቀምስ «አሃ! ጥቅምት ገብቷል» ሊል የሚችል የከተማ ልጅ ስንት ይገኛል? እኛ ከሁለት ዓመት በፊት ብንጠየቅ አንዳችንም አንመልሰውም ነበር።

ሦስት ነን። በከተማው ዳር ባለ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ መኝታ ቤት ተከራይተን አብረን እንኖራለን። ሦስታችንም ወንዶች ስለሆንን ስለ ምግብ ስናወራ የሚስቅብን አይጠፋም። «ወንድ ልጅ ከጓዳ ምን አለው?» የሚለው ነገር ከየቤተሰቦቻችን ቤት ተከትሎን መጥቷል። ሆድ ግን ወንድ ሴት አይልም። የቤት ኪራይ ሲጨመርብን መጀመሪያ የተቀነሰው የምግብ ቤት እራት ነበር፤ ቀጥሎ ምሳው ሄደ። የቀረን ሁለት ድስት የሚያስጥድ የኤሌክትሪክ ስቶቭ፣ አንድ ድስት፣ አንድ መጥበሻና እጀታው የላላ ቢላዋ ነው። ፍሪጅ የለንም። ፍሪጅ የሌለው ሰው ደግሞ ሳያስበው የወቅት ተማሪ ይሆናል። ዛሬ የገዛውን ዛሬ መብላት አለበት፤ ዛሬ የሚገዛው ደግሞ ዛሬ ጉልት ላይ የተትረፈረፈውን ነው፤ የተትረፈረፈ ነገር ርካሽ ነውና።

ወደ ወቅት ምግብ የመራን ፍልስፍና አልነበረም፤ ሒሳብ ነበር። ዘይት ሲወደድ፣ ቀይ ሽንኩርት ሲወደድ ወጥ መሥራት የሀብታም ሥራ ሆነብን። ለአንድ ድስት የምስር ወጥ የሚገባውን ሽንኩርት፣ ዘይትና በርበሬ ደምረን ስናየው ምስሩ ራሱ ከሁሉም ያነሰ ሆነ። ያኔ ነው ነገሩ የገባን። ከርሞ የደረቀ እህል ጣዕሙን ከሌላ ይበደራል፤ ትኩስ የተቀጠፈ ነገር ግን ጣዕሙን ይዞ ነው የሚመጣው። ለእሱ ጨው፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ ቃሪያና ትንሽ እሳት ይበቃዋል።

የጀመርነው በጎመን ነው። «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» የሚለውን አባባል የማያውቅ የለም። ክረምቱ አልፎ አዲሱ ዓመት ሲገባ የሚባል ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በክረምት ጎተራ ይራቆታል፤ አዲሱ አዝመራ ገና ማሳ ላይ ነው፤ ዝናቡ የሚያበቅለው ጎመን ብቻ ከጓሮ ይገኛል። ስለዚህ ለወራት ጎመን ይበላል። አዝመራው ሲደርስ የጎመኑ ምንቸት ይወጣና ገንፎው ይገባል። በዚህ ምክንያት ጎመን በአፋችን ላይ የችግር ስም ሆኖ ቀርቷል። ከመካከላችን አንዱ እናቱ ስልክ ደውላ «ምን በላችሁ?» ስትለው «ጎመን» ካለ «ውይ ልጄን! ብር ልላክልህ እንዴ?» ትላለች።

ምስኪኑ ጎመን ግን እንዲህ የሚናቅ አይደለም። የሐበሻ ጎመን የምንለው ተክል በሳይንስ ስሙ ብራሲካ ካሪናታ ይባላል፤ ፈረንጆቹ «የኢትዮጵያ ሰናፍጭ» ይሉታል፤ መገኛው ይኸው የእኛው ደጋ ነው። ዘሩ ጎመን ዘር ተብሎ የእናቶቻችንን የእንጀራ ምጣድ ሲያሰስ ኖሯል። በጥቅምት 2005 ዓ.ም. (በፈረንጆች 2012) ደግሞ የካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ከዚሁ ተክል ዘር ዘይት ብቻ በተሠራ ነዳጅ ጄት አውሮፕላን አበረረ። ካናዳ አውሮፕላን ያስነሣችበትን ተክል እኛ እንግዳ ፊት ለማቅረብ እናፍርበታለን።

አሠራራችን ይኸውላችሁ። ሁለት እስር ለጋ ጎመን እንገዛለን። በደንብ እናጥበዋለን («በደንብ» ያልንበትን ምክንያት ወደ ኋላ እንመለስበታለን)። ወፍራሙን አገዳ አውጥተን ቅጠሉን እንጠቀልልና በቀጭኑ እንከትፈዋለን። አንድ ራስ ሽንኩርት በአንድ ማንኪያ ዘይት ሲለሰልስ የተቀጠቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል እንጨምራለን፤ ከዚያም ጎመኑን ከነእጥበቱ ውኃ ድስቱ ውስጥ ሞልተን እንከድነዋለን። ሌላ ውኃ አንጨምርም። መጀመሪያ ከድስቱ አፍ በላይ የነበረው ቁልል ትንሽ ቆይቶ ወደ ታች ይወርዳል። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ጨውና የተከተፈ ቃሪያ የምንጨምረው ልናወጣው ስንል ነው። ብዙ ቤት ጎመን አስቀድሞ ይቀቀልና ውኃው ይደፋል። ቫይታሚን ሲ ውኃ ውስጥ ስለሚሟሟ አብሮ ይደፋል፤ አረንጓዴው መልክም ይጠፋል። የመስከረም ጎመን ለጋ ስለሆነ ያን ሁሉ መቀቀል አይፈልግም። በበጋ የሚሸጠው ጠንካራ ጎመን ሌላ ጉዳይ ነው።

ከጎመኑ ቀጥሎ እሸት መጣ። የበቆሎ እሸት መንገድ ዳር በከሰል ሲጠበስ ማንም የሚያውቀው ነው፤ በዚያ ጥበብ ከሴቶቹ ጋር አንወዳደርም። እኛ የምናደርገው ፍሬውን ከቆረቆንዳው ላይ በቢላዋ መላጥ ነው። መጥበሻው በደንብ ሲግል ጠብታ ዘይት፣ የበቆሎው ፍሬ፣ የተከተፈ ሽንኩርት፣ ቃሪያና አንድ ዘለላ የጥብስ ቅጠል እንጨምራለን። አምስት ደቂቃ ሲቆላ ጥግ ጥጉ ይቀላል። «የበቆሎ ጥብስ» ብለን ሰይመነዋል። ሥጋ ያለበት ጥብስ የጠበቀ እንግዳ አንድ ጊዜ ቅር ብሎት ነበር፤ ሲቀምሰው ግን ድስቱን ሊጠርግ ደረሰ። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ በቆሎ ከተቀጠፈበት ሰዓት ጀምሮ ስኳሩ ወደ ስታርች እየተለወጠ ይሄዳል። ጠዋት የተቀጠፈው ማታ ቢበላ ይጣፍጣል፤ ሦስት ቀን ካደረ ግን ጣፋጭነቱን አትፈልጉበት።

የባቄላ እሸት ከሁሉም ይበልጥብናል። ከቅርፊቱ ፈልፍለን በጨው ውኃ ለጥቂት ደቂቃ ቀቅለን እናጠልለዋለን። ትኩስ እያለ ሎሚ፣ ትንሽ ዘይት፣ በቀጭኑ የተከተፈ ሽንኩርትና ቃሪያ እናደርግበታለን። ከእንጀራም ከዳቦም ይሄዳል። ፍልፈላው ጊዜ ይወስዳል፤ ግን ሦስት ሆኖ እያወሩ ሲሠሩት ጨዋታ ነው። ድንቹም በዚሁ ሰሞን አዲስ ይሆናል፤ በክረምት ያደገው ከመሬት የሚወጣው ያኔ ነው። የአዲስ ድንች ልጣጭ በጣት ሲፈተግ ይላቀቃል። ከነልጣጩ ቀቅሎ በአዋዜ መብላት ነው፤ ሌላ ነገር መጨመር ድንቹን መስደብ ይሆናል። ኅዳር አልፎ ታኅሣሥ ሲመጣ ደግሞ የሽምብራ እሸት ከነቅጠሉ ታስሮ ይወጣል። ሽምብራ የሚዘራው በክረምቱ ማብቂያ፣ በጥቁር አፈር ውስጥ በቀረው እርጥበት ስለሆነ ከሌላው ዘግይቶ ይደርሳል። እሱን ማብሰል አያስፈልግም፤ ከታክሲ ወርዶ ቤት እስኪደርሱ ድረስ እየፈለፈሉ መብላት ነው።

ስለ እሸት ያወቅነውን ግማሹን ያስተማሩን የግቢያችን ዘበኛ ናቸው። ጋሼ ነው የምንላቸው። አንድ ምሽት የባቄላ ከረጢት ይዘን ስንገባ ጠሩንና ከፍተው አዩት። አንዱን ቅርፊት ፈልቅቀው ፍሬውን በጥፍራቸው ጫን አደረጉና «ይሄ ሦስት ቀን አልፎታል፤ በስንት ገዛችሁት?» አሉ። ዋጋውን ስንነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በእጃቸው መኪናዎቹ የቆሙበትን አስፋልት አሳዩን። «እዚህ ባቄላ ነበር። ከዚያ ወዲያ ጤፍ። ያ ያንተ ፎቅ ያለበት የወንድሜ ነው።»

የካ አባዶም ሆነ ቱሉ ዲምቱ ወይም ኮዬ ፈጬ ያሉት ኮንዶሚኒየሞች የቆሙት ቀድሞ እህል ይዘራበት በነበረ መሬት ላይ መሆኑን በወሬ እናውቃለን። በወሬ ማወቅና መሬቱን ያረሰው ሰው በር ከፍቶልን ስንገባ ማወቅ ግን አንድ አይደሉም። ምን እንበላቸው? ቤቱ የእኛ አይደለም፤ ተከራዮች ነን። መሬቱን የወሰድነው እኛ አይደለንም። ነገር ግን የምንተኛው እዚያው ላይ ነው።

ጋሼ ስለ ካሣው ብዙ አይናገሩም። ስለ እሸት ግን ይናገራሉ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ጎተራው ውስጥ የቀረው ለዘር ብቻ ሲሆን ልጆቹ በየቀኑ ማሳ ድረስ እየሄዱ የባቄላውን ቅርፊት ይዳስሱ እንደነበር አጫወቱን። «እሸት ከደረሰ ተርፈናል እንል ነበር» አሉን። ያን ቀን ማታ የፈለፈልነውን ባቄላ ዝም ብለን ነው የበላነው። ለእኛ የሰሞኑ ጣፋጭ የሆነው ነገር ለሌላው ቤት የክረምቱ ማብቂያ ነበር፤ በብዙ የገጠር ቤት ዛሬም እንደዚያው ነው። እሸት ገበያ የሚያወጣ ገበሬ ገና ያልደረሰ አዝመራውን ቀንሶ እየሸጠ መሆኑንም ከዚያ በኋላ ነው ያሰብነው። አንዳንዱ ትኩሱ የተሻለ ዋጋ ስለሚያወጣለት ይሸጣል፤ አንዳንዱ ደግሞ እስከ አጨዳ የሚያደርሰው ገንዘብ ስለሌለው ይሸጣል። የጉልቱን ዋጋ ስንከራከር ይህን አንረሳም። አሁንም እንከራከራለን፤ ግን አጥብቀን አይደለም።

ጋሼ ከጥበቃ ቤታቸው ጀርባ፣ በሕንፃውና በአጥሩ መካከል ባለች ስንጥቅ መሬት፣ ሦስት መስመር ጎመንና ጥቂት በቆሎ ይተክላሉ። የማኅበሩ ኮሚቴ «ግቢውን ያበላሻል» ብሎ አንዴ ሊያስነቅለው ነበር። ነዋሪው አልተስማማም፤ ጎመኑን ሁሉም ሰው ቀምሶት ነበርና።

አሁን «በደንብ እናጥበዋለን» ወዳልነው ነገር እንመለስ። አዲስ አበባ ውስጥ ከሚሸጠው ቅጠላ ቅጠል ከፊሉ በትልቁና በትንሹ አቃቂ ወንዞች ዳር በመስኖ የሚለማ ነው። ወንዞቹ ከቤትም ከፋብሪካም የሚወጣ ፍሳሽ ይገባባቸዋል። በዚያ አፈርና አትክልት ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደ ካድሚየምና ክሮሚየም ያሉ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። ሰላጣን በአቼቶ መዘፍዘፍ ጀርም ይቀንሳል፤ ማብሰል ደግሞ ይገድለዋል። ቅጠሉ ውስጥ የገባ ብረት ግን በውኃም በእሳትም አይወጣም። እዚህ ላይ ነው ወቅት ከጣዕም ያለፈ ትርጉም የሚያገኘው። በክረምት ዝናብ ከከተማው ራቅ ባለ ጓሮ ያደገ ጎመን የወንዙን ውኃ አልጠጣም። በየካቲት ዝናብ በሌለበት የምንገዛው ለምለም ጎመን ግን ውኃውን ከየት አገኘ? መጠየቅ ነውር የለውም።

እኛ እንጠይቃለን። አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ከፒያሳ ወደ ጃን ሜዳ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ሃይሌ ጋርመንት ከተዛወረ ወዲህ ከእኛ ሰፈር ሩቅ ስለሆነ የምንገዛው ከሰፈሩ ጉልት ነው። መጀመሪያ ቀን «እማማ፣ ይሄ ጎመን ከየት ነው?» ስንላቸው «ከመሬት ነዋ የኔ ልጅ! ከሰማይ ሊወርድ ነው?» ብለው አሳቁብን። በሦስተኛው ሳምንት ግን ሳንጠይቃቸው ሁለቱን ክምር እየለዩ «ይሄ የጓሮ ነው፤ ያኛው የወንዝ ነው፤ ለእናንተ ይሄን ነው የምሰጣችሁ» ማለት ጀመሩ። እውነት መሆኑን ማረጋገጫ የለንም። ቢሆንም ደንበኛ ሲጠይቅ ሻጭም ጫኙን መጠየቅ ይጀምራል።

ይህ ሁሉ ስለ መጸው ነው። ትክክለኛው ጸደይስ? እሱም የራሱ ማዕድ አለው። ከመጋቢት ማብቂያ ወዲህ የበልግ ዝናብ አቧራውን ሲያስተኛ የአርባ ምንጭና የአሶሳ ማንጎ ጋሪ ላይ ተቆልሎ ይመጣል። ያልበሰለውን በቀጭኑ ቆርጠን በጨው፣ በሎሚና በጥቂት ሚጥሚጣ እንበላዋለን፤ ምራቅ ያስውጣል። የበሰለውን ከአቮካዶ ጋር ከትፈን ሎሚ ጨምቀንበት፣ አንድ ቃሪያ ዘርዝረንበት ከዳቦ ጋር እናቀርበዋለን። ማንጎና ቃሪያ እንዴት ይገናኛሉ የምትሉ አንድ ጊዜ ሞክሩት። እሳት አይፈልግም፤ መብራት በጠፋበት ማታ ከዚህ የተሻለ እራት አናውቅም።

ከሦስታችን አንዱ ረመዳንን ይጾማል፤ ሁለታችን ሁዳዴን እንጾማለን። በ2017 ዓ.ም. ሁለቱ ጾሞች ገጥመው ነበር። ሁለት ዓይነት ምግብ የሚያበስል ጉልበትም ገንዘብም አልነበረንም። ጎመኑ፣ ድንቹ፣ ሰላጣውና ፍራፍሬው ግን ለሁለቱም ጾም የሚሆን ነበር። ሁለታችን ጓደኛችንን ጠብቀን፣ መግሪብ ሲደርስ እሱ በቴምር ከፈታ በኋላ ከአንድ ትሪ እንበላ ነበር። ያን ወር ያህል አብረን የበላንበትን ጊዜ አናስታውስም። ሥጋና ቅቤ ያለበት ማዕድ ቢሆን ኖሮ ለየብቻችን ነበር የምንቀመጠው።

እንግዲህ ወደ ምንቸቱ እንመለስ። አባቶቻችን የጎመን ምንቸት ይውጣ ሲሉ ያባረሩት ችግሩን ይመስለናል፤ ጎመኑ ስሙን ይዞ አብሮ ተባረረ። እኛ ጎመኑን መልሰን አስገብተነዋል፤ በገንፎውም አልተጣላንም። ሦስት ወጣቶች ጎመን ስለበሉ የኑሮ ውድነት አይቀንስም፤ ለጋሼም መሬታቸው አይመለስም። ይህን እናውቃለን። ያገኘነው ነገር ትንሽ ነው፦ የምንበላው ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደዘራው፣ ለምን በዚህ ሰሞን እንደደረሰ መጠየቅ ለምደናል። ወሩንም ከድስታችን እናውቀዋለን።

ለመጀመር ብዙ አያስፈልግም። ነገ ከሥራ ስትመለሱ ጉልቱ ጋ ቆም በሉ። ከሁሉም ሻጭ ፊት በብዛት የተቆለለው ምን እንደሆነ እዩ፤ ወቅቱ የእሱ ነው። ለአንድ እራት የሚበቃችሁን ብቻ ግዙ። ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ጨው፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ቤት ካለ ቀሪው የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ዘበኛችሁ ወይም ጎረቤታችሁ ሽታው ደርሶት አንገቱን ብቅ ካደረገ ደግሞ አንድ ሳህን ጨምሩ። ምናልባት የተከራያችሁበት ቤት ከመቆሙ በፊት እዚያ ምን ይበቅል እንደነበር ይነግራችኋል።